የበዓል ማግስት ትኩሳት

ይህን የምጽፈው ብየዳ ቤት ለሚውሉ ሰዎችና ማታ ደክመው ሲገቡ ለሚቀበሏቸው ቤተሰቦች ነው። ሐኪም አይደለሁም። በያጅ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በር፣ መስኮት፣ አልጋና የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ከሚሠሩት አንዷ ነኝ። ስለ በሽታ የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው፤ እሱንም ያወቅሁት ብዙ መድኃኒት ከዋጥኩ በኋላ ነው። እናንተ በአጭሩ ብታውቁት ብዬ ነው።

ስሜ ባንቺአየሁ ነው። ኮሌጅ ብረታ ብረት ስማር አብረውኝ ከጀመሩት ሴቶች አብዛኞቹ ወደ ሌላ ትምህርት ዞሩ፤ እኔ ግትር ነኝ፣ ቀረሁ። ስመረቅ የቀጠሩኝ ጋሽ ስማቸው የሚባሉ የብየዳ ቤት ባለቤት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይጠይቁኝ የቁርጥራጭ ብረት ክምር አሳዩኝ። ማታ ላይ የበየድኩትን በመዶሻ መቱት፤ አልተላቀቀም። «ነገ ነይ» አሉኝ። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሠራሁት የመጀመሪያው የግቢ በር እስካሁን አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ማጠፊያውን በእጄ ነካ ሳላደርግ አላልፍም፤ ባለቤቶቹ እብድ ሳይሉኝ አይቀሩም።

ጋሽ ስማቸው ግድየለሽ አሠሪ እንዳይመስሏችሁ። የተላጠ ገመድ ካዩ ሥራ ያስቆማሉ። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት የታሰረ ነው። ያለ መነጽር ብረት የሚቆርጠውንና የሚሞርደውን ግራይንደር የነካ ሰው የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ደመላሽ የሚባለው የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ምክንያት ስንቴ እንደሄደ እሱው ራሱ ረስቶታል። ስንበይድ የብየዳ ቤቱ በር የሚዘጋውም በጥንቃቄ ምክንያት ነበር። ብየዳ ቤታችን ያለው የትምህርት ቤት መንገድ ላይ ስለሆነ ልጆች ሲመለሱ ቆመው ብርሃኑን ያያሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት መጥታ ልጇ ዓይኑ ሲያነባ ማደሩን ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ብየዳ ሲጀመር በሩ ይዘጋል። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣውን ብርድ የሚያውቅ ሰው በሩ ተዘጋብኝ ብሎ አያጉረመርምም፤ እኛም ደስ ብሎን ዘጋነው።

ለጭሱ ደግሞ ወተት ነበረን። ሥራ ሲያበቃ ለእያንዳንዳችን አንድ ብርጭቆ ወተት በጋሽ ስማቸው ወጪ ይመጣል፤ በጾም ተልባ ይሆናል። ወተት ጭሱን ከደረት ጠርጎ ያወጣል ይባላል። መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም። የሰማነው ከቀደሙን በያጆች ነው፤ እነሱም ከቀደሟቸው። እኔ እንዲያውም ብርጭቆዬን ሳልጠጣ ከወጣሁ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኝ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ከጥምቀት በኋላ ነው። ለአንድ ችግኝ ጣቢያ የላስቲክ ቤት የሚቆምበትን ማዕቀፍ እንድንሠራ ታዘን ነበር፤ ሥራው ሁሉ በነጭ ቱቦ ነው። ነጭ ቱቦ የምንለው እንዳይዝግ ዚንክ በሚባል ሌላ ብረት የተለበጠውን ቱቦ ነው። ሲበየድ ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል፤ አንዳንዴም እንደ ጥጥ ብናኝ የሚንሳፈፍ ነገር አለው። በዓሉን አርፈን በገባንበት ቀን ይህንኑ ስበይድ ዋልኩ። ወደ ማታ አፌ ሳንቲም የጎረስኩ ያህል ብረት ብረት አለኝ። ውሃ ብጠጣ ጥሙ አልቆረጥ አለኝ። ቤት ገብቼ ራት ሳይቀርብ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያም ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ባለቤቴ አንሙት ቤት ውስጥ ያለውን ጋቢና ብርድ ልብስ ሁሉ ደራርቦብኝ፣ የቀረው ፍራሹ ብቻ ነው ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። መገጣጠሚያዬ ሁሉ እንደተደበደበ ሰው አመመኝ፤ አስመለሰኝ፤ በላብ ተጠምቄ አደርኩ። በማግስቱ ደከመኝ። ከዚያ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ለቀቀኝ።

ሥራ ቦታ ስናገር ሳቁብኝ። ደመላሽ «የበዓል ማግስት ነዋ» አለኝ። ለካ ሁሉም ያውቁታል። በዓል አልፎ ሥራ የተገባ ቀን ማታ ከመካከላችን አንዱ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ እነሱም ምክንያቱን አግኝተውለታል፦ ጠላው፣ አረቄው፣ ሥጋው። እኔ መጠጥ አልቀምስም አልኩ። እንግዲያው ጥሬ ሥጋው ነው አሉኝ። ከጾም ወጥቶ ድንገት ቅቤና ሥጋ ላይ የወደቀ ሆድ ይህን ሁሉ ቢያደርግ ማን ይገርመዋል? ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የታመመው ሰው ድኖ ሲመለስ ደግሞ «ወጣልህ?» ይሉታል። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቀጥሎ የያዘኝ ደብረ ኤልያስ ለእኅቴ ሠርግ ሄጄ ብዙ ቀን ቆይቼ በተመለስኩበት ቀን ነው። አሁን አንሙት አልሳቀም፤ ክሊኒክ ወሰደኝ። በክሊኒኮቻችን ወረፋ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል፤ አግዳሚው ላይ ሁሉም ሰው የሌላውን በሽታ በግምት ይናገራል፤ ካርድ ክፍል ሳትደርሱ ሦስት ዓይነት ምርመራ አግኝታችኋል። ደሜን ሰጠሁ። ታይፎይድ ነው ተባልኩ፣ መድኃኒት ተሰጠኝ፣ በማግስቱ ተሻለኝ። መድኃኒቱ ነው ብለን አመሰገንን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ፣ ቆላ ወርደሽ ነበር ወይ ብለው ወባ ፈለጉ፤ ባያገኙም ለማንኛውም ብለው የወባ ኪኒን ሰጡኝ። አሁንም በማግስቱ ተሻለኝ። በራሱ የሚለቅ በሽታ ላይ የተሰጠ መድኃኒት ሁሉ ፍቱን ይመስላል፤ እኔን ያዘገየኝ ይህ ነው።

አማቴ እማማ ጥሩዬ ከሮብ ገበያ ከተማ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ሲያስመልሰኝ አዩ። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ቅቤና በሶ ተጭኖ መጣ፣ ውሃ መቅዳትም ተከለከልኩ። ሁለት ዓመት ሲጠብቁት የኖሩት ነገር መስሏቸዋል። ተመርምሬ እርግዝና አይደለም ሲባል ከሁሉ የከበደኝ ለእሳቸው መናገሩ ነበር። ቅቤውን መልሰው አልወሰዱም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ያን ዕለት ማታ ብረት ለሴት ልጅ ሰውነት እንደማይሆን ለልጃቸው ሲነግሩት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አንሙት አልተከራከረልኝም። አስከፋኝ።

ከፋሲካ በኋላ ጠበል ወሰዱኝ። ሁለት ሳምንት ቆየሁ። እዚያ ትንፋሼ ተከፈተ፣ እንቅልፍ አገኘሁ፣ ፊቴ መለስ አለ። ጠበሉን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ግን ሥራ በገባሁበት ቀን ማታ ያው ብርድ፣ ያው ላብ መጣ። እማማ ጥሩዬ ራስጌዬ ተቀምጠው «ጠበሉ ያወጣልሽን ብረቱ መለሰብሽ» አሉኝ። ያኔ ተናደድኩባቸው። ዛሬ ሳስበው ግን ከክሊኒኮቹ ሁሉ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረቡት እሳቸው ነበሩ።

ስነቃ አንሙት ተቀምጦ ጠበቀኝ። የከተማውን የውሃ ቆጣሪ እየዞረ የሚያነብ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ ነው፤ ብዙ አይናገርም።

«አንድ ጊዜ ከደገመሽ ብየዳውን ትተዪዋለሽ» አለኝ። «ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁለት። ምን ልበል? ስንቀጠቀጥ አብሮኝ ያደረ ሰው ነው። ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የፈራሁት ሞትን አልነበረም፤ ሙያዬን ማጣትን ነው። ከብየዳ ቤት ብወጣ ሌላ ሥራ አላጣም ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ብረት ቀልጦ አንድ ሲሆን ከማየት የበለጠ የምወደው ነገር የለኝም፤ ይህን የምለው ሳላፍር ነው። ደግሞም ሴት በያጅ ሲያዩ ከንፈር የሚመጥጡ ሰዎች ሁሉ «አላልንም?» ሊሉ ነው። ስለዚህ መደበቅ ጀመርኩ። ሲያመኝ ደክሞኛል ብዬ በጊዜ እተኛለሁ፤ ጥርሴ እንዳይሰማ ነጠላዬን እነክሳለሁ።

ሐምሌ ላይ መደበቁ አበቃ። የአንሙት አጎት አርፈው ለቅሶ ሮብ ገበያ ሰንብቼ ተመለስኩ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ነፋስ የሚገባባት ትንሿ መስኮት ሳትቀር በጆንያ ተወትፋለች። የችግኝ ጣቢያው ሥራ ቀሪው ክፍል ተጣድፎ ነጭ ቱቦ ስበይድ ዋልኩ። ማታ ብርዱ ብቻ አልነበረም የመጣው፤ ትንፋሼ አጠረኝ። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። አንሙት የጠቆረ ከንፈሬን በመብራት አየና ወጥቶ ባጃጅ ይዞ ተመለሰ።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉልኝ። በራጅ ሳንባዬ ላይ ደመና የመሰለ ነገር ታየ፤ ስለዚህ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ተጠርጥሮ ከሌሎች በሽተኞች ራቅ አድርገው አስተኙኝ፣ አክታዬን ለምርመራ ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አስታማሚዎች ሁሉ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በአጠገቤ ያልፉ ነበር። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ብሆን እሸፍን ነበር። አንዲት ከይጁቤ ባሏን ልታስታምም የመጣች ሴት ብቻ በየማታው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ እግሬ ሥር ታስቀምጥልኝ ነበር። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወጣች። ያቺ ሙቀት እስከ ዛሬ እግሬ ላይ አለች።

ነቀርሳ አልተገኘም። ያን ቀን የገባችው ዶክተር ወጣት ናት፤ ካርዴን አነበበችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሲጀምር ምን ምን እንደሚልሽ ንገሪኝ አለች፤ ነገርኳት፤ የአፌን ጣዕም ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

«መቼ መቼ ነው የሚነሳብሽ?»

«በበዓል ማግስት ነው ዶክተር። ወይ መንገድ ሄጄ ስመለስ።»

«በዓሉን ቤትሽ ሳለሽ ነው ወይስ ሥራ ከገባሽ በኋላ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም የሚጠይቀው ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ፣ የት ሄድሽ ነበር። አሰብኩ። በበዓል ቀን አንድም ጊዜ ታምሜ አላውቅም። ጠበል ቦታም፣ ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም ጤነኛ ነበርኩ። ሁሌም የሚይዘኝ በገባሁበት ቀን ማታ ነው። ስነግራት ምን እንደምበይድና በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ጠየቀችኝ፤ ነጭ ቱቦ ስል ራሷን ነቀነቀች።

የብረት ጭስ ትኩሳት ይባላል። ዶክተሯ ያስረዳችኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሰውነት ጠላት እንደገባበት ይቆጣል፤ ትኩሳቱና መንቀጥቀጡ ያ ቁጣ ነው። በየቀኑ ሲያገኘው ለጊዜው ይለምደዋል፤ ስለዚህ በሳምንቱ መሐል ደህና እንሆናለን። ሲያርፍ ልምዱን ይረሳል፤ ስንመለስ እንደ አዲስ ይነሳል። ለመደው ማለት አልጎዳውም ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን በራሱ ይለቃል፤ እኔ ግን አርፌ በገባሁ ቀን በተዘጋ ቤት ብዙ ስለሳብኩ ሳንባዬን ክፉኛ አስቆጥቶታል። ሌሎቹ ያን ሳምንት ሥራ ላይ ስለነበሩ ትንሽ ሳል ብቻ ነበረባቸው።

ስለ ወተቱም ጠየቅኳት። «ወተቱ የሚገባው ጨጓራ ነው፣ ጭሱ የሚገባው ሳንባ» አለችኝ። «አይገናኙም።»

ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ አንሙት አልጋው ግርጌ ቆሞ እየሰማ ነው። መተው አለብኝ ወይ አልኳት። ንጹሕ አየር ካገኘሽ ሙያሽን አትተዪም፤ በዚያ በተዘጋ ቤት ግን አንድም ቀን አትመለሺ አለችኝ። አንሙትን አየሁት። ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ አስተካከለልኝ።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር። ነሐሴን በሙሉ ቤት ዋልኩ። መጀመሪያ እስከ ግቢ በር፣ ከዚያ እስከ ሱቅ፣ ከዚያ ከቤታችን በላይ ያለችውን ዳገት እየተቀመጥኩ ወጣሁ። መኪና ሲያልፍ ጭሱን ሸሽቼ ፊቴን አዞር ነበር፤ ፍርሃቱ ከሕመሙ በኋላ ቆየ። ዳገቷን ሳላርፍ የወጣሁ ቀን ወደ ጋሽ ስማቸው ሄድኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ልጆቹ ነው፤ በሩን ከፍተን የልጆች ዓይን እናጥፋ ወይ አሉኝ። ትክክል ናቸው። አደጋ የምንለው ዓይን የሚያየውን ብቻ ነበር፦ ብልጭታውን፣ ገመዱን፣ ሲሊንደሩን። ጭሱን ወተት ሰጥተን ሸኝተነዋል። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ያሰብኩትን ነገርኳቸው፦ ከጓሮ ባለው ባዶ ቦታ፣ በመንገዱ በኩል ከሰው ቁመት በላይ በላሜራ እንከልል፤ ለዝናቡ ከፍ ያለ ቆርቆሮ እናድርግ፤ ጎኑ ክፍት ይሁን። ቱቦው የሚበየድበት ጫፍ ላይ ዚንኩን አስቀድመን እንላጥ። ነፋሱን ከጀርባችን ወይም ከጎናችን አድርገን እንቁም፤ ለብረት ጭስ የተሠራ ማጣሪያ ያለው የአፍ መሸፈኛም ይገዛ። እስክጨርስ ድረስ ሰሙኝ።

«የበዓል ማግስቱ» አሉ በመጨረሻ። «የሁላችንም ይኸው ነው?»

«ይመስለኛል፣ ጋሽዬ።»

መዶሻቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ መጠጥ ካቆምኩ ዓመታት ሆነኝ» አሉ። «ከበዓል በኋላ ሥራ ገብቼ ማታ ስንቀጠቀጥ ባለቤቴ የሺ ጠጥተህ ነው ትለኛለች። እንግዲያው ልተወው ብዬ ተውኩ፤ አሁንም እንቀጠቀጣለሁ። ተደብቀህ ነው የምትጠጣው አለችኝ። ማልኩ፤ አላመነችኝም። ኋላ መማሉንም ተውኩት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ንገሪልኝ። እኔን አታምነኝም።»

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ምስር ሲለቅሙ ደረስኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ እየለቀምኩ ነገርኳቸው። እጃቸው መጀመሪያ ፈጠነ፣ ከዚያ ቀስ አለ፣ ከዚያ ቆመ።

«የፋሲካውም?» አሉኝ።

«እሱም፣ እትዬ።»

«የገናውም?»

«ሥራ የገቡበት ቀን ማታ ከሆነ፣ እሱም።»

ሰፌዱን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ። «ጨርቅ እየነከርኩ ግንባሩ ላይ አደርግለት ነበር» አሉ። «እያደረግሁለት እሰድበው ነበር።» ምስሩን መልቀም ቀጠልኩ።

ከለላው ከመስቀል በፊት ቆመ። አንሙት ሁለት ጊዜ በሥራ መንገዱ ላይ ጎራ ብሎ አየው፤ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ይመስል ዙሪያውን አጥንቶ ሄደ። መስቀልን ሁላችንም አረፍን። ከበዓሉ በኋላ በገባንበት ቀን የሚጠብቀን ነጭ ቱቦ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ ለአንሙት ዛሬ ማታ ካመመኝ ቃሌ ቃል ነው አልኩት። ዚንኩን እየላጥን፣ አፋችንን ሸፍነን፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ጎን ይዞልን ሲሄድ እያየን ዋልን። ማታ ወተቱ መጣ። ስለሚጣፍጥ ጠጣነው።

ቤት ገብቼ ራት በላሁ። አፌ የወጥ ጣዕም ነበረው። ብርዱ የሚመጣበት ሰዓት ደረሰ። አንሙት ቴሌቪዥኑን የሚያይ መስሎ እጄን ይዞ ነበር፤ መያዙ ሳይሆን ሙቀቴን መለካቱ እንደሆነ አውቄያለሁ። ሰዓቱ አለፈ። እጄን አልለቀቀም። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ስልኬ ጠራ። እትዬ የሺ ናቸው።

«ባንቺ፣ አንቺ ደህና ነሽ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። ጋሽዬስ?»

«ተኝቷል። ግንባሩን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ለመስቀል እኮ ጠላ ጠጥቶ ነበር።»

«ጠጡ?»

«የቀዳሁለት እኔ ነኝ» አሉኝ።